አሥራ ሁለተኛዋ ቁራጭ

የእህቴ ልጅ ሔለን ከእንግሊዝ አገር በመጣች ቁጥር ዘመድ አዝማድ ሽቶና ጫማ ሲጠብቅ እኔ ኮሚክ እጠብቃለሁ። አምስት ስድስት የተለያየ ታሪክ በአንድ ላይ የሚይዘውን፣ እያንዳንዱም ታሪክ ልብ ሰቅሎ "ይቀጥላል" ብሎ የሚያቆመውን የእንግሊዞቹን ሳምንታዊ ማለቴ ነው። "እቴቴ፣ በዚህ ዕድሜሽ ሰው ምን ይልሻል?" ትለኛለች እየሳቀች። ጡረታ የወጣች ሴትዮ ምን ብታነብ ማን ጉዳዩ ነው? ባለፈው ወር ያመጣችልኝ አንድ ፌስታል ሙሉ ነበር። ገና ስከፍተው መጀመሪያ ያደረግሁት አፍንጫዬን ገጹ መሃል መክተት ነው። ምንም አይሸትም። ወረቀቱ እንደ ሠርግ መጥሪያ ያብለጨልጫል፣ ቀለሙ ዓይን ይወጋል፣ ሽታ ግን የለውም። የእኔ ዘመን ኮሚክ የተቆላ ለውዝ ይሸት ነበር።

ከጠየቃችሁኝ አይቀር ሐሳቤን ልናገር። የዛሬዎቹ ሠዓሊዎች ጭስና ጭጋግ ያበዛሉ፤ እጅ መሳል ያቃታቸው ይመስል ሰዉን ሁሉ እጁን ኪሱ ያስከትቱታል። ጀግናው ከመተኮሱ በፊት ሦስት ገጽ ሙሉ ራሱን ይጠይቃል፤ እኛ ዘንድ ቢሆን እስከዚያ ስንት ጊዜ ተገድሎ ነበር። በአምስት ገጽ ተጀምረው የሚያልቁት አጫጭር ታሪኮች ደግሞ መጨረሻቸው ከሁለተኛው ገጽ ይታወቃል። አንድ ነገር ግን ልመርቃቸው፦ ሴቶቹ ሥራ አግኝተዋል። ድሮ ሴት የምትገባው ወይ ልትጮኽ ወይ ልትታፈን ነበር፤ ዛሬ መርከብ ትነዳለች፣ ታዛለች፣ ትሳሳታለች። እሰየው ነው። ሆኖም ታሪኩ ሦስት ወር ሳይሞላው ያልቅና በወፍራም ሽፋን ተጠርዞ ይሸጣል፤ ታዲያ ማን ይጠብቃል? ኮሚክ እኮ ሲጠብቁት ነው የሚጥመው። ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ዝም ያለው ገጽ ነው። ከሰዎቹ አፍ የሚወጣውን፣ ንግግር የሚጻፍበትን ነጭ ክብ እኛ "አረፋ" እንለው ነበር። አሁን አንድም አረፋ የሌለበት ገጽ ላይ ገጽ ይደረድራሉ። ጸሐፊው ደመወዙን የሚበላው በምኑ ነው? በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ስንፍና አልነበረም እል ነበር፣ እስከ ባለፈው እሑድ ድረስ።

ፌስታሉ ውስጥ አንድ ወፍራም ጥራዝም ነበር፤ የድሮ ታሪኮችን ሰብስበው እንደገና ያተሙት። ስገልጠው ውኃ የዋጠው ከተማ፣ በጀልባ የሚሄዱት ሰዎች፣ ያ ከተማውን አንቆ የያዘው ሻለቃ ከነሙሉ ትጥቁ ብቅ አሉ። በወጣትነቴ መጨረሻውን ሳላይ የቀረሁት ታሪክ ነው። እስከማውቃት ገጽ ድረስ አንብቤ ጥራዙን ዘጋሁት። የሚቀጥለውን ገጽ ለብቻዬ መግለጥ አልደፈርኩም።

ያኔ አዳማ ናዝሬት ነበረች፣ ባቡሩም ባቡር ነበር። ጣቢያው ላይ ሲቆም አዴ ጫልቱ የለውዝ ቅርጫቷን ይዛ በየመስኮቱ ሥር ትሮጣለች። አንድ ጥቅልል አሥር ሳንቲም፤ ፈገግ ላለላት ጭማሪ በእፍኝ። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ የሴቱን ቀሚስ፣ የወንዱን አፍሮ ያለብሰዋል። መንገድ የሚጠርገው ሰፊ ሱሪ ቀስ በቀስ ቀርቶ ካኪ እየበዛ፣ ቆዳ ጫማውም ለላስቲኩ ኮንጎ ቦታውን እየለቀቀ ነበር። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ ማርሽ ያሰማናል። ነጋዴዎች ደግሞ ሳይሸጥ የቀረ የውጭ መጽሔት በኩንታል ያስመጡ ነበር፤ ስኳሩም ምስማሩም ለውዙም የሚጠቀለለው በዚያ ነው። እና የአንድ ሳምንቱ እትም ሃያ ሠላሳ ሆኖ ይመጣና የሚቀጥለው ለወራት ይጠፋል። አዴ ጫልቱ ማንበብ አትችልም፤ ሥዕል ያለበትን ስታይ ግን ከየዓይነቱ አንዳንድ እየለየች ለእኔና ለግርማ ታስቀምጥልን ነበር። "ኢንተላ ኮ፣" ትለኛለች፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ "ያ ክፉ ሰውዬ ዛሬም አለበት።"

ግርማ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። ከናዝሬት እስከ ቡልቡላ ባለው መንገድ ላይ ሆቴሉም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ ግሮሰሪውም ስሙ የተጻፈው በእሱ እጅ ነው። አብዮቱ ሲመጣ የቀበሌውን መፈክር በየጨርቁ ላይ የሚጽፈው እሱው ሆነ። ፊደሉን ያየ ሰው ሁለተኛ አይስተውም፤ እግሩን ዘርግቶ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ይመስላል። እወደው ነበር ወይ? አዎ። አልነገርኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም፤ በመካከላችን ኮሚኩ ነበረ። እኔ የአንድ መጋዘን ታይፒስት ነበርኩ፤ እንግሊዝኛዬን ጋሼ ዘውዴ በቁንጥጫም በምርቃትም አስተምረውኛል። እናም እኔ እተረጉማለሁ። ግርማ እያንዳንዷን አረፋ በስስ ወረቀት ለክቶ ልኳን ነጭ ቁራጭ ይቆርጣል፣ አማርኛውን በቀጭን ብሩሽ ይጽፍባታል፣ የገጹ ቁራጮች እስኪሞሉ በክብሪት ቤት ያጠራቅማቸዋል፤ ከዚያ መፈክር በሚለጥፍበት የዱቄት ሙጫ አንድ ባንድ ይለጥፋቸዋል። ያለቀው መጽሔት የግርማ ሱቅ ውስጥ በገመድ ይሰቀላል፤ የጋሪ ነጂዎች ፈረሳቸውን ውኃ እያጠጡ ያነቡታል። አንድ ልማድ ነበረን፦ የቦታ ስም በእኛው አገር ስም ይተካል። የእንግሊዙን ወንዝ ስም ብንተወው ጋሪ ነጂዎቹ "እሱ ደግሞ በየት በኩል ነው?" እያሉ ቁም ስቅላችንን ስላሳዩን፣ ወንዙ አዋሽ፣ ምሽጉ ወንጂ፣ ተራራው ዝቋላ ሆነ። ያንን ከተማ የዋጠው ውኃም ከቆቃ የመጣ ነበር። የዛሬዎቹ ተርጓሚዎች ይህን ቢሰሙ ያብዳሉ፤ ግን እስከ ዛሬ እንደዚያ በፍቅር የሚነበብ ኮሚክ አላየሁም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከተማው ከቤት እንዳይወጣ ተባለና የቤት ለቤት ፍተሻ ተጀመረ። ግርማ ልኬቱን ጨርሶ፣ ቀሪውን ገጽ እንድተረጉም መጽሔቱን ወደ እኔ መልሶት ነበር። የጎረቤት ሴት በአጥር ቀዳዳ "የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያገኙበትን ሰው ወሰዱት" ስትለኝ ሳላስብ መጽሔቱን ከሰል ምድጃው ውስጥ ከተትኩት። የለውዙ ዘይት ቶሎ አነደደው። እኔ ቤት ሲደርሱ አመዱ እንኳ ቀዝቅዞ ነበር፤ አልጋዬን ገልብጠው፣ ዱቄቴን በትነው ሄዱ። ተረፍኩ ብዬ ቁጭ ስል አዴ ጫልቱ እያለከለከች መጣች። ግርማን ወስደውታል። ሱቁ ውስጥ አንዲት የክብሪት ቤት ተገኝታ ነበር፣ ውስጧ በእሱ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ የሚሉ ቁራጭ ወረቀቶች፦ "ሻለቃው ከጎህ በፊት ይሞታል።" "አዋሽን ሳይሻገር ያዙት።" "ከእኛ መካከል ከሃዲ አለ።"

በዚያ ዘመን ለመገደል የዚህ ሩቡ በቂ ነበር። ወረቀቶቹ የኮሚክ ንግግር መሆናቸውን ሊያሳይ የሚችለው ያ ገጽ ብቻ ነው፤ ያንን ገጽ ደግሞ በገዛ እጄ ሻይ የማፈላበት ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ግርማ ከእኔ ጋር እንደሚሠራ ቢናገር እኔንም ይወስዱኛል። አልተናገረም። ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ ገብቼ ታይፕ መታሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዱኝ ነው እላለሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ዛሬ ላይ ሆኜ አላሳምረውም። በሦስተኛው ቀን "ግርማ ላይ እርምጃ ሊወሰድ ነው" የሚል ወሬ ባቡር ጣቢያው ደረሰ፣ ያኔ እግሬ ራሱ ወደ አዴ ጫልቱ ወሰደኝ።

"የዚያ መጽሔት ሌላ ቅጂ ተርፎሻል?" አልኳት።

"ክፉ ሰውዬ ያለበት?" ብላ ቅርጫቷን ገለበጠችው። ጥቅልሎቹን እየፈታን ለውዙን ነጠላዋ ላይ ዘረገፍነው። አንድ ገጽ ለሁለት ተቀድዶ ሁለት ጥቅልል ይወጣዋል። የላይኛው ግማሽ ተገኘ። የታችኛው የለም። ባቡሩ ፊሽካውን ሲነፋ አዴ ጫልቱ ቀና ብላ አየች፤ ሦስተኛው መስኮት ላይ አንድ ወታደር ለውዝ እየቃመ ነው፣ በእጁ ላይ ያለው ወረቀት ላይ የሻለቃው ቦት ጫማ ይታያል።

"ኮቱ! ና እስቲ፣ የኔ ጌታ!" ብላ ሮጠች። "ያ አሮጌ ነው፣ ውሰድ ሁለት ትኩስ፣ ያንን ስጠኝ!"

"ምን ሆንሽ? እኔ ጣፍጦኛል" አለ ወታደሩ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። አዴ ጫልቱ ሦስት ጥቅልል ጭኑ ላይ ወርውራ ወረቀቱን ከእጁ መነጨቀችው፤ ወታደሩ እየሳቀ ሲርቅ ለውዙ ሐዲዱ ላይ ተበተነ። "ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ" አለችኝ ወረቀቱን በቀሚሷ እየጠረገች። እኔ እንኳን ፈርቼ ጨርሻለሁ።

ሁለቱን ግማሾች ይዤ ቀበሌው አዳራሽ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ቁራጮቹ ተበትነዋል። ሊቀመንበሩና ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ግርማ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ከንፈሩ አብጧል። እንግሊዝኛውን እንዲያጣሩ የተጠሩት ደግሞ የእኔው አስተማሪ፣ ጋሼ ዘውዴ ነበሩ። ሳያቸው እንደ ዱሮው ስህተት ቢያገኙ አያልፉም ብዬ ፈራሁ።

"'ሻለቃው ከጎህ በፊት ይሞታል' ይላል" አለ ሊቀመንበሩ። "የትኛው ሻለቃ ነው?"

"ይሄኛው፣ ጓድ ሊቀመንበር" አልኩና ሥዕሉን አሳየሁት።

ከዚያ ቁራጮቹን አንድ ባንድ እያነሳሁ በየአረፋው ላይ አስቀምጥ ጀመር። ግርማ ለክቶ የቆረጣቸው ስለሆኑ ልክክ ይላሉ። "አዋሽ እንግሊዝ አገር ምን ይሠራል?" ሲለኝ ስለ ልማዳችን አስረዳሁት፤ አንደኛው ሰውዬ፣ ሱቁ ሄዶ ያነበበ መሆኑ ያስታውቃል፣ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ። አንድ አረፋ ቀረ፣ አንድ ቁራጭ ቀረች። አረፋዋ ጭራዋ ከሥዕሉ ውጭ የሚወጣ፣ ተናጋሪው የማይታይ ናት፤ በሩ ላይ ያለ ዘብ "ማነህ?" የሚልባት። የተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ አንዲት ቃል ናት። ቁራጯን አነሳሁ። በግርማ የእጅ ጽሑፍ "ሐሙስ ስምንት ሰዓት፣ መቂ። ቦርሳውን ይዘህ ብቻህን ና" ትላለች።

ይህን እኔ አልተረጎምኩም። የትም ገጽ ላይ የለም፤ "ማነህ?" የምትለው ቁራጭ ደግሞ ጭራሽ አልነበረችም። ቀና ስል ግርማ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ፣ በኮሚኩ ቁራጮች መሃል የራሱን ምስጢር ይልክ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ቁራጯን አረፋዋ ላይ አስቀመጥኳት፤ በሁለቱም በኩል ተረፈች። የተረፈውን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት።

"መቂም እንደ አዋሹ ነው?" አለ ሊቀመንበሩ።

"መቂም እንደዚያው ነው።"

"ጓድ ዘውዴ፣ እንግሊዝኛው ይህን ነው የሚለው?"

ጋሼ ዘውዴ ገጹን ጎንበስ ብለው አዩት፣ ራቅ አሉ፣ እንደገና ቀረቡ። አውራ ጣቴ ላቡን ወረቀቱ ላይ አሳርፏል።

"ልክ ነው" አሉ።

"ሁሉም?"

"ሁሉም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።"

ሊቀመንበሩ የመፈክር ሙጫ አስመጥቶ "ለጥፊያቸው" አለኝ፤ እሱ እያየኝ አሥራ ሁለቱንም ለጠፍኩ። ሲያልቅ ገጹን አንስቶ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ታዲያ ሻለቃው ሞተ?" ሲል ጠየቀኝ። አላውቅም፣ ይቀጥላል ነው የሚለው፣ አልኩት። "ያዢው። ከሚቀጥለው ጋር ታመጪልኛለሽ" አለ። በአዳራሹ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም። የሚቀጥለው እትም ግን የለውዝ መጠቅለያ ሆኖ አልመጣም፤ ሊቀመንበሩም ወዲያው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ።

ግርማን በሚቀጥለው ረቡዕ ለቀቁት። ማታውኑ ሳይሆን ገና ፀሐይ እያለ ደጄ መጣ። ልጠይቀው የሚገባ ነገር ሞልቶኝ ነበር፤ ባውቅ መሸከም ስለማልችል አንዱንም አልጠየቅኩም። "ነገ ለመቂ ሽንኩርት ነጋዴዎች የምጽፈው ታፔላ አለ" አለኝ። ነገ ሐሙስ ነው። የቀጠሮው ሐሙስ ያለፈው ይሁን የሚመጣው እኔ የማውቀው ነገር የለም። አትሂድ ልለው ከንፈሬ ላይ ደርሷል። ከአፌ የወጣው ግን "ብሩሽህን እንዳትረሳ" የሚል ነው። ይህን እስካሁን ለራሴ ይቅር አላልኩም። በማግስቱ አዴ ጫልቱ የመቂ አውቶቡስ ላይ ሲሳፈር አይታዋለች፤ ብሩሽ አልያዘም አለችኝ። ከዚያ በኋላ መቂም፣ ቡልቡላም፣ ቢሾፍቱም አየሁት የሚል ሰው አላገኘሁም። ታፔላዎቹ ለዓመታት በየመንገዱ ነበሩ፣ ፀሐይ ቀስ እያለ በላቸው።

ለጋሼ ዘውዴ ግን በዓል በመጣ ቁጥር ባዶ እጄን ሄጄ አላውቅም። ነፍሳቸውን አስይዘው ዋሹልኝ እያልኩ በልቤ ታቦት አድርጌያቸው ኖርኩ፤ ደፍሬ ግን አንስቼባቸው አላውቅም። ባለፈው እሑድ ባጃጅ ተሳፍሬ ሄድኩ። በአንድ እጄ አዲሱን ጥራዝ፣ በሌላው ያቺን ዘይት የጠጣች ገጽ ይዣለሁ። ዘጠናን ያለፉ ሰው ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ ወፍራም መነጽራቸውን አድርገው ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣" አልኳቸው፣ "ያን ቀን ቀበሌው ውስጥ ስለ እኛ ብለው ዋሽተዋል። አንድም ቀን አመስግኜዎት አላውቅም።"

"ምን ዋሸሁ?"

"አሥራ ሁለተኛዋን። አረፋው ላይ እንደዚያ እንደማይል አይተው ልክ ነው አሉ።"

"ሙሉዬ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ያነበብኩት ነገር የለም። በዚያ ዘመን ለማጣራት ሲጠሩኝ መነጽሬን ቤት ትቼ ነበር የምሄደው። ካላነበብኩ በሰው አልመሰክርም ብዬ ነው። ከፊቴ የነበረው ነጭ ነገር ብቻ ነው፤ የኔ ተማሪ አትሳሳትም ብዬ ልክ ነው አልኩ።"

ለካ ያን ቀን በአውራ ጣቴ የሸፈንኩት ከማያይ ሰው ነበር። ገጹን ጠየቁኝ። በአንድ በኩል ጥራዙን፣ በሌላ በኩል ገጹን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጣታቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው አመላለሱ። "እዚህ 'ማነህ?' ነው የሚለው" አሉ። ከዚያ የግርማን ጽሑፍ አነበቡ። ጣታቸውን ከቁራጯ ላይ አነሱ።

"ይሄ... እውነተኛ ቀጠሮ ነው እንዴ? ልጁስ?"

"መቂ ሄደ። አልተመለሰም።"

"መነጽሬን ይዤ ቢሆን ኖሮ..." አሉ።

"ምን ይሉ ነበር፣ ጋሼ?"

ባጃጅ አለፈ፣ አቧራው እስኪረግብ ጠበቅን። "እግዜር ይወቅ፣ ሙሉዬ። ሦስት ልጆች ነበሩኝ" አሉ። ልቆጣቸው ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። እኔም መጽሔቱን የከተትኩበት ምድጃ ነበረኝ።

መነጽራቸውን አውልቀው አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት። "በይ፣ ሻለቃው ምን እንደሆነ አንብቢልኝ" አሉኝ። በሕይወቴ ሁሉ የጠበቅኩትን ገጽ ገለጥኩት። አንድም አረፋ የለበትም። ከዳር እስከ ዳር ውኃ ነው፣ መሃሉ ላይ ባዶ ጀልባ።

"ምን ይላል?" አሉ።

"ምንም አይልም፣ ጋሼ" አልኳቸው።